ለኑርዬ ያልተተከለው ድንኳን

ኑርዬ ይመር ሰኞ ከቀትር በኋላ ተመታ። ማክሰኞ ጠዋት ግዳጁ ላይ ነበር።

መልእክቱ እህቱን ጦይባን ያገኛት ሥራ ቦታዋ ላይ ነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ጥግ፣ የባጃጅ ባትሪ የሚቀየርበት ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። የሞላ ባትሪ ከመደርደሪያው ጎትታ ልታወጣ ስትል ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። «ወታደር ኑርዬ ይመር ወደ ቋሚ ግዳጅ ተሸጋግሯል። አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል» ይላል። ሞተ አይልም። ተሰዋም አይልም። ያጥናችሁ አይልም፤ እንኳን ደስ አላችሁም አይልም። ሌላ ነገር ይኖረው እንደሆነ ብላ ጽሑፉን በጣቷ ወደ ላይ ገፋችው። ከሥሩ ባዶ ነበር።

«እቱ፣ ባትሪውን ትሰጪኛለሽ ወይስ እየገፋኋት ልሂድ?» አለ ወረፋ የደረሰው ባጃጅ ነጂ።

ሰጠችው። ከኋላው ላለውም ሰጠች። ተረኛዋ መጥታ እስክትቀይራት ድረስ ባዶውን እየተቀበለች ሙሉውን ስትሰጥ ዋለች፤ ሌላ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም።

ቋሚ ግዳጅ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ጦርነቱ ከኑርዬ በዕድሜ ይበልጣል፤ ሲወለድ ደርሶበታል። ምልምሎች ሥልጠና ከገቡበት ቀን ጀምሮ ከዩኒፎርማቸው ሥር አንዲት ስስ ሸሚዝ ይለብሳሉ። ሸሚዟ ሰውየው እንዴት እንደሚራመድ፣ ምን ሲሰማ እንደሚዞር፣ የቱ ጋ እንደሚፈራና የቱ ጋ እንደሚደፍር ትማራለች። ሰውየው ሲወድቅ የተማረችውን በእሱ ቦታ ለሚቆመው ማሽን፣ ለምትኩ ታስተላልፋለች። ምትኩ ቁመቱ የሰው ነው፤ ቀለሙ የጭቃ። አብረውት የሚዘምቱት ግን በሰውየው ስም ነው የሚጠሩት። «ኑርዬ ቀድሞ ገባ» ይላሉ፤ «ኑርዬን ተከተሉት» ይላሉ። ሬሳው እዚያው ይቀበራል። የተቀበረበት ቦታ ግዳጁ ሲያበቃ ለቤተሰብ ይነገራል ይላል ደንቡ።

ጦይባ እቤቷ ስትደርስ ምንጣፉን ገልብጣ፣ ጫማ የሚወለቅበትን ጠርጋ፣ ሰው እስኪመጣ ተቀመጠች። ከቦርከና ወዲህ ባለው በዚያ ሰፈር አንድ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ጎህ ሳይቀድ ይሰማል፤ ጎረምሶች የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሴቶቹ ምግብ ይዘው ይገባሉ። ያን ቀን አመሻሹ ላይ የመጣው የቅሬው ዳኛ ጋሽ ዘነበ ብቻውን ነበር። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«አብሽሪ ልጄ» አላት።

አብሽሪ በዚያ አገር ለታመመም፣ ለተሰረቀም፣ ፈተና ለወደቀም፣ ሰው ለሞተበትም የሚባል ነው። ጋሽ ዘነበ መንገድ ላይ ሲመጣ ብዙ ቃል አውጥቶ አውርዶ እሱን እንደመረጠ ጦይባ ገብቷታል።

«ድንኳኑስ ጋሽ ዘነበ?»

«ድንኳኑ አለ። ታጥቦ ተቀምጧል።»

«መቼ ልትተክሉት ነው?»

ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አሽከረከረው። «አሁን ከስብሰባ ነው የምመጣው። ያልተባለ ነገር የለም። አንዳንዱ ይተከል አለ፤ እኔም ብያለሁ። ብዙው ግን ሥራ ላይ ላለ ሰው ድንኳን መትከል ሟርት ነው አለ። በዚህ ሰፈር ልጁን ያልሰደደ ማን አለ? ኑርዬ እዚያ ከልጆቻችን ፊት ፊት እየሄደ፣ እኛ እዚህ ብናለቅስበትና አንድ ነገር ቢሆን፣ ምን ልንል ነው?»

«አንድ ነገር ሆኗል እኮ ጋሽ ዘነበ።»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ ልጄ። በኳስ የግቢዬን ቆርቆሮ ሲደበድብ ያደገ ልጅ ነው» አለና ተነሣ። በሩን እንደወጣ ፊቱን ወደ አጥሩ መልሶ ጥቂት ሲቆም በመስኮቱ አየችው። እቤቷ ውስጥ ላለማልቀስ ነው የቸኮለው።

በማግስቱ መስጊድ ሄዳ ሸህ ሙሄዲንን በሌለበት የሚሰገደውን የጀናዛ ሶላት እንዲያሰግዱላት ለመነቻቸው። ኑርዬን ቁርኣን ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። 

«ለሞተ ሰው ነው የሚሰገደው» አሉ። «ሞተ ያለሽ ማነው?»

«ማንም አላለኝም።»

«ለኔም ማንም አላለኝም። ሁላችንም እናውቃለን፤ ያለ ግን የለም። እኔ ዛሬ ተነሥቼ ሞቷል ብል፣ ነገ የዚህ ሁሉ ሰው ልጅ ላይ ማለቴ ነው። የሚል ሰው ካለ አምጪልኝና ወዲያው እሰግድለታለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማሰናበት የሚባል ነገር አለ። የቅርብ ዘመድ ከጠየቀ ምትኩን ያቆሙታል፤ ከቆመ ሞተ ይላሉ። መብትሽ ነው። ሂጂም አልልሽ፣ ቅሪም አልልሽ» አሏት።

ሄደች።

ማሰናበት የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት ንጹሕ ነው፤ ወረፋ የለውም። ያስተናገደቻት ወጣት ትሑት ነበረች። ውኃ ቀዳችላት፤ ወንድሟን ማየት ትፈልግ እንደሆነም ጠየቀቻት። ጦይባ እሺ አለች። በግድግዳው ስክሪን ላይ ግማሽ ጎኑ የፈረሰ ቤት ታየ። ጭቃ የመሰለው ምትክ ወደ በሩ ተጠጋና ቆመ። የግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ፣ መቃኑን በጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ መታው። ጠበቀ። ከዚያ ገባ።

ኑርዬ ሕፃን ሳለ ከበራቸው መቃን ሥር እባብ ወጥቶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ መቃን ሳይመታ ቤት ገብቶ አያውቅም። የጎረቤት ልጆች «ማነው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

«ይቺን ነገር ልናስቀርበት ሞክረን ነበር» አለች ወጣቷ። «ስትቀር ግን ሌላው ሁሉ ይበላሽበታል። ኋላ ስናየው ደግሞ በሩ ላይ የተጠመደውን ፈንጂ ሁሉ የሚያውቀው በእሷ ነው። ከኋላው ያሉት ልጆች በጣም ይወዱታል።»

«ያመዋል?»

«አያመውም።»

«ያውቀኛል?»

«አያውቅዎትም። እሱ አይደለም እኮ። የእሱ አካሄድ ነው እንጂ።»

«እሱ ካልሆነ ለምን አላለቅስለትም?»

ወጣቷ የጠረጴዛዋን ስክሪን ወደ ጦይባ አዞረችና የቱ ጋ ጣቷን እንደምታሳርፍ አሳየቻት። «ዓርብ ይቆማል። እስከዚያ አብረውት ላሉት ይነገራቸዋል፤ መዘጋጀት አለባቸው» አለቻት። ጦይባ ጣቷን አሳረፈች።

ሐሙስ ቀን እትዬ ሀያት መጣች።

ስለ እትዬ ሀያት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የጦይባ እናት በኑርዬ ወሊድ ነው የሞተችው። እትዬ ሀያት በዚያው ሰሞን ኢምራንን ወልዳ ነበርና ሕፃኑን ወስዳ ከልጇ ጋር አጠባችው። ኑርዬና ኢምራን የጡት ወንድማማቾች ናቸው። ባንድ ቀን ነው የተመለመሉት፤ ባንድ ጓድ ነው የተመደቡት። ኑርዬ ከተመታ ጀምሮ ግን እትዬ ሀያት አጥር ለአጥር እየኖረች የጦይባን ደጅ አልረገጠችም።

ደፉ ላይ ቆመች። እጇ ባዶ ነበር።

«ቁጭ በይ» አለቻት ጦይባ።

«አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ለቅሶ ይመስላል።» ነጠላዋን አጣፋች፤ መልሳ ፈታችው። «ነገ ነው አሉ።»

«ማን አለሽ?»

«ኢምራን ደወለ። ተነግሯቸዋል። ‹እማ፣ ኑርዬ ሊሰናበት ነው› አለኝ። ድምፁ የልጅነቱን መሰለኝ። አንድ ነገር ሰብሮ መጥቶ ሲደበቅብኝ የነበረውን።»

«እትዬ ሀያት፣ ያጠባሽው ልጅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ ይዘሽ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልመጣሽም?»

«መጥቼ ነበር። ከበርሽ ነው የተመለስኩት። አፌን አላመንኩትም። እንዳየሁሽ እጮሃለሁ፤ ኑርዬ እያልኩ እጮሃለሁ። ጮኼበት አንድ ነገር ቢነካውስ? ኢምራን ከኋላው ነው።»

«ማሽን ነው እትዬ ሀያት። ሟርት አይሰማም።»

«ማሽን ከሆነ ታዲያ ተይው ይሥራ።»

ጦይባ መሥሪያ ቤት ያለችውን እትዬ ሀያት ገልብጣ የነገረቻት መሰላት።

«አንቺ በኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አለች እትዬ ሀያት።

«እኔማ እስካሁን እግርሽ ላይ ወድቄ ነበር።»

«እኔ አልወድቅም። ጉልበቴ አይታጠፍልኝም፤ ብወድቅ የምታነሺኝ አንቺው ነሽ።»

ሁለቱም ሊስቁ ትንሽ ቀራቸው። እትዬ ሀያት ግን ወዲያው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እንደ ቆመች ቀረች። አለማልቀሷን ጦይባ ከትከሻዋ አወቀች። ትከሻዋ ደርቆ ነበር፤ እንደ ግድግዳ።

ከሰዓት በኋላ ጦይባ ሄዳ ጥያቄዋን ሰረዘች። ወጣቷ «ብዙ ሰው ይሰርዛል» አለቻት፤ ለማጽናናት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ኑሮ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ባትሪ ሊቀይሩ ሲመጡ «ኑርዬ እንዴት ነው?» ይሏታል፤ «ደህና ነው» ትላለች። «አላህ ያበርታልን» ይላሉ፤ «አሚን» ትላለች። በዒድ ጎረቤት ሲሰባሰብ እንደ ሩቅ አገር ሰው ስሙ ይነሣል። እሑድ እሑድ ኢምራን ሲደውል እትዬ ሀያት ድምፁን ከፍ ታደርግና ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ያዳምጡታል።

«ዛሬም እሱ ነው ያዳነን» ይላል ኢምራን። «በሩን ነካ ነካ አደረገና ቆመ። እኛም ቆምን። አፍታም አልቆየ፣ ከውስጥ ፈነዳ። አንዳችንም አልተነካንም።»

«ጎበዝ» አለች ጦይባ አንድ ቀን፣ ሳታስበው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ቀኑን ሙሉ አፏ ውስጥ የቀረ ነገር ያለ መሰላት። ምስር ለቀመች፤ ልብስ አጠበች፤ አልለቀቃትም።

ማልቀስ ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ጣቢያው ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ባትሪዎቹን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የሰው ድምፅ የሚውጥበት ቦታ አለ። እዚያ ገብታ ቆመች። ኑርዬ አለች። እንባ መጣ፤ ለቅሶ ግን አልመጣም። ለቅሶ ሰው ይፈልጋል። አንዱ ስሙን ይጠራል፤ ሌላው ደግነቱን ያነሣል፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀበላለች፤ ደረት የሚመታውን እጅ የሚይዝ ይኖራል። ብቻዋን ስትሆን አፏን ከፍታ ቆመች እንጂ ምን ቀጥላ እንደምትል ጠፋት። ፊቷን ጠርጋ ወደ ወረፋው ተመለሰች።

ክረምት ሲገባ ጓዱ ለሁለት ተከፈለ። ኑርዬ ወደ አንዱ ሄደ፤ ኢምራን ወደ ሌላው።

አንድ ጠዋት እትዬ ሀያት ስልኳን በእጇ ይዛ መጣች። ጽሑፍ አይሆንላትም፤ የመጣላትን ሁሉ የምታስነብበው በጦይባ ነው። «ይቺን እይልኝማ፤ የመብራት ይሆናል» አለች።

ጦይባ አየችው። ለኑርዬ የመጣው መልእክት ራሱ ነበር፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው።

«እትዬ ሀያት፣ ቁጭ በይ።»

«ምን ይላል?»

«ቁጭ በይ።»

እትዬ ሀያት ስልኩን አየች፤ ጦይባን አየች። ወንበር አልፈለገችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወረደችና መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ጦይባ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች።  ሰፈሩ ሲሰማ ከአንድ ሰው በቀር የመጣ አልነበረም፤ ጋሽ ዘነበ ባርኔጣውን ይዞ «አብሽሪ» ብሎ ሄደ።

ሳምንቱ ካለፈ በኋላ የተናገረችው እትዬ ሀያት ናት።

«አንቺን እንዳታሰናብቺው የያዝኩሽ እኔ ነበርኩ። አሁን የምይዝሽበት ምን አለኝ? ሁለቱንም እናሰናብታቸው። ባንድ ጡት አደጉ፣ ባንድ ድንኳን እናልቅስላቸው።»

አብረው ሄደው ጣታቸውን አሳረፉ። የእትዬ ሀያት ጣት በሥራ ብዛት መስመሩ ጠፍቶ ነበርና ማሽኑ አልለየውም፤ ወጣቷ በሌላ መንገድ ጨረሰችላት። ዓርብ ይቆማሉ አሉ። ጋሽ ዘነበ ሲነገረው ከማንም ጋር አልተማከረም። «ሞቱ የሚለው ቃል ዓርብ ከመጣ ድንኳኑ ዓርብ ይቆማል» አለ። ሐሙስ ጠዋት ቋሚዎቹን በጋሪ አስጭኖ መጥቶ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለውን አጥር ከፈተና ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ድንጋዩን በዶማ ሲመታው ድምፁ እቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ጦይባ ጫማ የሚወለቅበትን እንደገና ጠረገች። እትዬ ሀያት ምንጣፍ እያነጠፈች በለሆሳስ ስማቸውን ትጠራ ጀመር፤ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን። እንደ መለማመድ ነበር።

አንዲት የማያውቋት ሴት የገባችው በዚህ መሐል ነው። ባጃጅ ከአስፋልቱ አውርዷት እየጠየቀች ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ጭቃ ነው። ከሐርቡ ነኝ አለች።

«የኢምራን እናት ቤት ይህ ነው?»

«ነው» አለች እትዬ ሀያት።

«የኑርዬስ እህት?»

«እኔ ነኝ» አለች ጦይባ።

ሴትዮዋ የምትይዘው አጥታ የበሩን ጠርዝ ያዘች። «ኢምራን ከተሸጋገረ ወዲህ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገዋቸዋል። ያው አብረው ስላደጉ፣ አብረው ሲሆኑ የተለየ ነው አሉ። ኑርዬ ከፊት ይሄዳል፤ ኢምራን ከኋላ። ልጄ መሐል ነው። ትናንት ደውሎ ዓርብ ሁለቱም ሊቆሙ ነው አለኝ።»  መንገዱን ሁሉ ስታዘጋጀው የመጣችው ከዚህ በኋላ ያለውን ነበር፤ እሱ ጠፋት።

«ስሙ ማነው?» አለች እትዬ ሀያት።

«ፉአድ።»

«አንድ ነው ያለሽ?»

«ሌሎችም አሉኝ» አለች ሴትዮዋ። «ቢኖሩኝስ?»

እትዬ ሀያት ራሷን ነቀነቀች። ቢኖሩሽስ ማለቷ ነበር። ወደ ጦይባ ዞረች። ጦይባ እትዬ ሀያት እንድትናገር ጠበቀች፤ እትዬ ሀያትም ጦይባ እንድትናገር። አንዷ እንቢ ብትል ሌላዋ ትከተል ነበር። ከውጭ ዶማው ድንጋይ መታ፤ ደግሞ መታ።

«ጋሽ ዘነበን በይው» አለች እትዬ ሀያት።

«ምን ልበለው?»

«በከንቱ እንዳይደክም በይው።»

ጦይባ ወጣች። ጋሽ ዘነበ መቆፈሩን ትቶ ዶማውን ተደግፎ ቆሟል። እንግዳዋ ስትገባ ጫማዋን አይቷል፤ ሌላ የሚነገረው አልፈለገም። አፈሩን በእግሩ ወደ ጉድጓዱ መመለስ ጀመረ። ከዚያ እግሩ አልበቃ ቢለው አካፋውን አነሣ።

እቤት ስትመለስ ሴትዮዋ እያለቀሰች ነው። እንደማያሰናብቷቸው ስትሰማ ምንጣፉ ላይ ወድቃለች። ከሆዷ የሚወጣ፣ ሰፈር የሚያሰማ ለቅሶ ነበር፤ የልጇን ስም እየጠራች፣ አላህን እያመሰገነች፣ ደረቷን እየመታች።

እትዬ ሀያት ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ይዛታለች። «ተይ» ትላታለች፣ «ተይ እናቴ። ልጅሽ ደህና ነው። ደህና ላለ ሰው አይለቀስም።»

ጦይባ በወዲያኛው ጎኗ ተቀመጠችና ሌላኛውን እጇን ያዘች። ሴትዮዋ እስክትበርድ ድረስ፣ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ ሆነው ደግፈዋት ቆዩ።